ከኮታ እስከ ጠይብ

ደሴ ውስጥ «ኮታ» ከተባለ መጀመሪያ የሚታሰበው ስኳር ነው። ቀጥሎ ዘይት። «ኮታ መጥቷል አሉ» የሚል ወሬ ሰፈር ከገባ፣ ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ሰልፍ አለ ማለት ነው። ጀሪካንና ፌስታል ይዞ መሮጥ ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ የወሎ ገበሬ ግን ይህን ቃል ሲሰማ ስኳር አይታየውም። በደርግ ዘመን ኮታ ማለት ከአውድማው ላይ ተሰፍሮ ለመንግሥት የሚሄድ እህል ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬው ላይ መጠን ይጥላል። ዋጋውም ተቆርጦ ይመጣል፣ ከገበያው በታች። እህሉ ያልሞላለት ሰው ከገበያ በውድ ሸምቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ነገሩ የቆመው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ቃሉ ግን ቀረ፣ ስኳርና ዘይት ላይ ተቀመጠ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሌሎች ኮታዎች ነው። ጣልያንኛ ውስጥ ሁለት ኮታዎች አሉ። አንዷ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ናት። ሌላዋ «የበሰለች» ማለት ናት፤ ቴራኮታ የሚለው ስም መጨረሻ ላይ የምናገኛት እሷን ነው። ሁለቱም እኩል ይጻፋሉ፣ እኩል ይነበባሉ። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ደግሞ ከስኳሩ ጋር ሦስት ይሆናሉ። ጣልያኖቹ «ታ»ዋን ጠበቅ አድርገው ነው የሚጠሯት፤ የእኛ ፊደል ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ሰፊ» ብለን ስንጽፍ ልብስ የሚሰፋውን ሰው ይሁን ሰፋ ያለውን ልብስ፣ አንባቢው ራሱ ይፈርድ። «ሰፊ ልብስ ሰፊ» ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ ሰው ስለ ሙያው ይናገር ስለ ውፍረቱ አይታወቅም።

ልብስና ሸክላ በአንድ ስም ሲጠሩ ሰባኪ የሆነ ሰው ዝም አይልም። ሰው ከአፈር ተበጀ፣ በእሳት ተፈተነ፣ ጸጋን ለበሰ፣ ስለዚህ ጣልያኖች ሁለቱን አንድ ስም ሰጧቸው ብሎ ይጀምርልሃል። ጆሮ ያገኛል። አጨብጫቢም አያጣም። ችግሩ ውሸት መሆኑ ነው። ሁለቱ ኮታዎች አይተዋወቁም። አንዷ ከሰሜን መጣች፣ ሌላዋ ከሮም ማጀት ወጣች፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው ተመሳሰሉ።

ከልብሷ ልጀምር። ነጭ ናት። ከተልባ እግር ወይም ከጥጥ ትሰፋለች። ረጅም ቀሚስ ላይ፣ ጥቁርም ይሁን ቀይ፣ ትደረባለች። ከወገብ ትንሽ ወረድ ብላ ትቀራለች። እጅጌዋ ሰፊ ነው። አንገቷ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። ጠርዟ ላይ ዳንቴል የሚገባባትም አለች። በላቲን ሥርዓት ቄሱም ይለብሳታል፣ መዘምራኑም፣ ጧፍ የሚይዙት ልጆችም። እጥር ያለች ስለሆነች ልጆቹ ላይ ታምራለች።

ኮታ ረዘም ያለች እናት አለቻት። የእናቲቱ የላቲን ስም «ሱፐርፔሊቼዩም» ነው። ትርጉሙ ከጠጉር ልብስ በላይ የሚደረብ ማለት ነው። ታሪኩ የብርድ ታሪክ ነው። የሰሜን አውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት በድንጋይ የተሠሩ ናቸው፣ ያኔ እሳት አይነድባቸውም ነበር። ክረምት ላይ ቀሳውስቱ የእንስሳ ቆዳ ከነጠጉሩ ውስጥ ውስጡን ይለብሱ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ድርብርብ ባለበት ጠባብ እጅጌ ያለው ነጭ ልብስ አልገባ አላቸው። እጅጌውን አሰፉት። ዛሬ የምናየው ሰፊ እጅጌ ውበት ይመስላል፤ መነሻው ግን ብርድ ነው።

ይህን ደሴ ላለ ሰው ማስረዳት አይከብድም። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ለብሶ ሲውል፣ ነሐሴ ላይ፣ ሌሊት ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። የእኛ ደብተራ ጋቢውን ይከናነባል እንጂ በጠጉር አይሟሟቅም። ሐሳቡ ያው ነው። መጀመሪያ መሞቅ፣ ከዚያ ማማር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ወሎ ውስጥ ካቶሊክ አለ ብሎ ይህችን ኮታ ሄዶ ለመፈለግ የተነሳ ሰው ሊደክም ይችላል። የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት በጥር 2007 ዓ.ም. በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የተመሠረተ ነው፤ የሚቀድሰውም በግዕዝ ሥርዓት ነው። ልብሱም የእኛው ዓይነት ነው፣ ቀሚሱ፣ ካባው፣ አክሊሉ። ኮታ የላቲን ሥርዓት ልብስ ናት።

ወደ ስሟ እንመለስ። ኮታ የሚለው ስም ላቲን አይደለም። ፍራንኮች የሚባሉት የጀርመን ወገኖች ሻካራ የሱፍ ልብስ የሚጠሩበት ቃል ነበር። ከእነሱ ወደ ፈረንሳይኛ ገባ። በመካከለኛው ዘመን ሴቱም ወንዱም ለሚለብሰው እጀ ጠባብ ስም ሆነ። ጣልያኖች ወታደር የሚለብሰውን የብረት ጥሩር ራሱ ኮታ ይሉታል። ቤተ ክርስቲያኗም ለነጯ ልብስ ወሰደችው። እንግሊዞች ደግሞ ከፈረንሳይኛው ወስደው «ኮት» አሉት። ኮት! ፒያሳ ላይ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለው፣ ለሰርግ የምንከራየው፣ ለቃለ መጠይቅ ከወንድም የምንዋሰው ኮት የዚያች የጳጳስ ቤት ኮታ የአክስት ልጅ ነው። አማርኛ ውስጥ ሲገባ ማንም ዘሩን አልጠየቀውም።

ሁለተኛዋ ኮታ ከኩሽና ነች። ላቲኖች «ማብሰል» ለሚለው ቃል ካላቸው ግሥ የተወለደች ናት። «ቴራ» መሬት ነው፣ አፈር ነው። ቴራኮታ፣ የበሰለ አፈር። ፓና ኮታ፣ የበሰለ ክሬም። ሪኮታ፣ እንደገና የበሰለ፣ ከአጓት የሚወጣው የጣልያን አይብ። አጓቱን መልሰው እሳት ላይ ይጥዱታል፣ የቀረው ፕሮቲን ይሰበሰባል። የእኛ ሰው አሬራውን ሞቅ አድርጎ አይብ ሲያወጣ የሚያደርገው የሚመስል ነገር ነው።

«ብስኩት»ም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው። ድሮ መርከበኞች ለጉዞ የሚይዙት ድርቅ ያለ ዳቦ፣ አንዴ ተጋግሮ እንደገና እሳት የሚገባ። የአውሮፓ ሸክላ ሠሪዎችም የሚያብረቀርቅ ቅብ ሳይቀባ የተተኮሰ ሸክላን ብስኩት ይሉታል። ኩሽና የሚለው ቃላችንም ከዚሁ የላቲን ማጀት የወጣ ነው። ስለዚህ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብሎ ሻይ በብስኩት የሚጠጣ ልጅ ሳያውቀው ከቴራኮታ ዘመዶች መሀል ነው ያለው።

ጣልያኖች ለዚህች ኮታ አንድ ተጨማሪ ሥራ ሰጥተዋታል። አንድ ጎረምሳ አንዷን አይቶ እንቅልፍ ካጣ «ኮታ ያዘው» ይላሉ። ማለት ፎንቃ። መቼም የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ለፍቅር ይሆናል። እኛም «በፍቅሯ ነደደ» እንላለን። ነገር ግን «በሰለ» ስንል ሌላ ነው። የበሰለ ሰው አስቦ የሚናገር ሰው ነው። ጣልያኑ ሲበስል ያብዳል፣ ወሎዬው ሲበስል ይሰክናል። (አንቺ ሆዬና ባቲ የወጡበት አገር ሰው ስለ ሰከነ ፍቅር ሲያወራ የሚያምነው አያገኝም፤ ተዉት።)

እንግዲህ ሰኞ ገበያ ላይ ሁለቱን ቤተሰብ አንድ ላይ ታገኛቸዋለህ። ልባሽ ጨርቅ የሚሸጠው ልጅ ኮቶቹን በላይ በላዩ ቆልሏል። አጠገቡ ያለችው ሱቅ የብስኩት ካርቶን ደርድራለች። ኮቱ ከልብሷ ኮታ ወገን ነው፣ ብስኩቱ ከበሰለችው ኮታ ወገን። ሲጠሩ ግን ኮትና ብስኩት አይመሳሰሉም፤ ማንም ዘመድ ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ አይጠይቅም። ኮታና ኮታ ግን ስለተመሳሰሉ ብቻ ሰው ሥጋ ያደርጋቸዋል። ድምፅ የዝምድና ምስክር አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሐሰት ምስክር ነው።

ለምሳሌ ሸማ፣ ሸማኔና ሸማች። ሸማኔ ሸማ ይሠራል፣ ዘመዳሞች ናቸው። ሸማች ግን ከ«ሸመተ» ነው፣ እህል ከገዛ ሰው። ከሸማ ጋር የሚያገናኘው የለም፣ ሸማ ለብሶ ካልሸመተ በቀር።

ካባን ደግሞ እዩት። ጣልያን ደሴ የገባው በሚያዝያ 1928 ነው፤ የወጣው በሚያዝያ 1933። ከመግባቱ በፊት ኅዳር ላይ ከተማዋን በአውሮፕላን ደብድቧታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ ደሴ ነበሩ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ብዙ መንገድ ተቆረጠ። ከአስመራ በደሴና በኮምቦልቻ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ የዚያን ጊዜ ሥራ አለበት። መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ይፈለጋል። ድንጋይ የሚፈነቀልበትን ቦታ ጣልያኖች «ካቫ» ይሉታል። የእኛ ሰው «ካባ» አለው። እስከ ዛሬ ገልባጭ መኪና የሚያሽከረክር ሹፌር «ካባ ነኝ» ካለ ድንጋይ እየጫነ ነው።

ሌላው ካባ ጣልያን አገራችንን ሳይረግጥ የነበረው ነው። ወርቀ ዘቦ ያለበት፣ ቄሱ ታቦት ሲያጅብ የሚደርበው፣ ድሮ ባላባት የሚሸለመው። አሁን ተማሪ ሲመረቅ የሚለብሰው ጥቁሩም ካባ ተብሏል። «ልጄ ካባ ለበሰች» የሚል እናት ደስ ይላታል። «ልጄ ካባ ገባ» የሚል አባት ደግሞ ስለ ድማሚትና ስለ ጠጠር ነው የሚያወራው። ግንኙነት የላቸውም። ካባ ላይ የሚደረበውን ላንቃንም ጨምሩበት፤ ምላስ በላይ በኩል የሚነካው ሥጋም ላንቃ ነው።

ፉርኖም ጣልያን ጥሎት የሄደው ነው። በእነሱ «ፎርኖ» ምድጃው ነው፣ ዳቦ የሚጋገርበት። እኛ ምድጃውን ትተን ዳቦውን ፉርኖ አልነው። ዕቃውን ትተን የሚበላውን መውሰዳችን የሚገባ ነገር ነው።

ሸክላ የሚለው የራሳችን ቃልም ብዙ ይሸከማል። ማሰሮውም ሸክላ ነው፣ ጡቡም ሸክላ ነው፣ ዘፈን ያለበት ክብ ጥቁር ነገርም ሸክላ ነው። አፄ ምኒልክ ለመኪና ሙያ ጀርመን የላኳቸው ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ያስቀረጿቸው ዘፈኖች በሸክላ ነው የመጡት። የዚያን ጊዜው ሸክላ ከነፍሳት በሚገኝ ሙጫ የሚሠራ ነበር። የሙጫው ስም ሼላክ ነው። ከእጅ ካመለጠ እንደ ገንቦ ይከሰከሳል። አንዱ ወዳጄ ሼላክ ተገልብጦ ሸክላ ሆነ ብሎ ይከራከራል። ከኮታ በኋላ እንዲህ ያለ መመሳሰል አያስደነግጠኝም። የሚሰበር ነገር በሚሰበር ነገር ስም መጠራቱ ይበቃኛል። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጹት ደግሞ ቪኒል ናቸው። ቢወድቁም አይከሰከሱም፤ ስማቸው ግን ሸክላ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ እውነተኛው ሸክላ። ሰኞ ገበያ ላይ የሸክላ ሠሪዎቹን ተራ እወደዋለሁ። ጭድ አንጥፈው ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ የዕጣን ማጨሻውን ይደረድራሉ። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ፊት ቆሜ ጀበና አነሳሁ።

«እትዬ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«መጀመሪያ ድምፁን ስማው እንጂ ልጄ፤ ዋጋው የት ይሄዳል!»

አንድ ጀበና በግራ እጃቸው አንገቱን ያዙና በቀኝ እጃቸው መሐል ጣት ሆዱን ኳ አደረጉት። ጠራ ያለ፣ ደወል የሚመስል ድምፅ ሰጠ። ሌላ አነሱ። እሱ ዱብ አለ። «ይሄ ቁስል አለበት» ብለው ወደ ጀርባቸው አስቀመጡት። ላየው አልቻልኩም። አገላብጬ ብፈልግ ስንጥቁ ለዓይን አይታይም። ጆሮ ግን ሰምቶታል። ቃል በድምፁ ያታልላል፣ ሸክላ በድምፁ ይናዘዛል አልኩ በልቤ። ለእሳቸው ብነግራቸው ጊዜዬን አታጥፋ ይሉኝ ነበር።

ሥራው ከባድ ነው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። አሮጌ ሸክላ ተሰብሮ፣ ገሉ ደቅቆ ይጨመርበታል። ያ ገል ጭቃው ሲደርቅ እኩል እንዲኮማተር ያደርጋል፤ እርጥበቱም መውጫ ያገኛል። ገል ያልገባበት ጭቃ እሳት ሲነካው ይተረተራል። እንግዲህ በእያንዳንዱ አዲስ ጀበና ውስጥ የአንድ የተሰበረ ዕቃ ፍርፋሪ አለ ማለት ነው። ከዚያ በውሃ ይታሻል። የእኛ ሸክላ ሠሪ የሚሽከረከር መንኮራኩር የላትም። እንስራ ስትሠራ እንስራው ቆሞ እሷ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን ትዞራለች። ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች። በጥላ ይከርማል።

መጨረሻው እሳቱ ነው። ኩበት፣ እንጨት፣ ጭድ፤ ሜዳ ላይ፣ ያለ ምድጃ። ጭቃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። አንደኛው ፀሐይ ሲመታው የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ከአፈሩ ጋር የተቆላለፈው ነው፤ እሱን የሚያስወጣው 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢና ከዚያ በላይ የሆነ እሳት ነው። የመጀመሪያው ውሃ ብቻ ከወጣ ዕቃው ጥሬ ነው፤ ውሃ ብታፈስበት ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ሁለተኛው ከወጣ ግን ነገሩ አበቃ። መቶ ዓመት ውሃ ውስጥ ብታስቀምጠው ጭቃ አይሆንም። ጣልያኖች ቴራኮታ፣ የበሰለ አፈር፣ ሲሉ ልክ ናቸው። እኛም ያልተሳካውን ዕቃ «አልበሰለም» ነው የምንለው።

ቀለሙም ከእሳቱ ነው። አፈሩ ውስጥ ብረት አለ። ነፋስ እያገኘ ከነደደ ብረቱ ቀይ ይሆናል። ጭስ ታፍኖበት ከከረመ ይጠቁራል። ሴትዮዋ ፊት ከነበሩት ጀበናዎች አንዱ ግማሽ ፊቱ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነበር። ነፋሱ የመጣበት ጎን ያስታውቃል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ እጅ ምን ተብሎ እንደኖረ ግን ታውቃላችሁ። ጠይብ። ሲብስ ደግሞ ቡዳ። ሸክላውን ይገዛሉ፣ በሸክላው ያበስላሉ፣ ከሠራችው ሴት ጋር ግን ማዕድ አይቆርሱም፣ ልጅ አይሰጧትም። ሸማኔውም ከዚህ አላመለጠም። «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። ቁጢት ድሩን የሚያጠነክርበት ነገር ነው፤ ስድብ ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ፣ ሠራተኛው እየሸሸ አገር ባዶ ቀረ ነው የአዋጁ ፍሬ ነገር። አዋጅ ስድብን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ቃሉን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ የሚናገሩት ሰዎች ደግሞ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ያ ነው የሚገርመው።

የኮታ ነገር ወዲህ ያመጣኝ በዚህ በኩል ነው። ጠይብ የሚለው ቃል የመጣው ከ«ጠቢብ» ነው። ጠቢብ ከ«ጥበብ» ነው። ጥበብ ዕውቀት ነው፣ ሙያ ነው። ጥበብ ደግሞ በነጭ ቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ የሚወርደው ባለ ቀለም ሥራም ነው። «የጥበብ ቀሚስ» የምንለው። ለልብሱም ለእሳቱም ሰው ያለን ሥር አንድ ነው ማለት ነው። ጣልያኖች ልብስና ሸክላን ያገናኙት በአጋጣሚ ነው፣ በድምፅ መመሳሰል። እኛ ጋ በሥጋ ዝምድና የተገናኙ ናቸው፤ ግን ድምፁ ትንሽ ስለራቀ ማንም አያያቸውም። «ጠቢብ ነው» ብትለው ደስ የሚለው ሰው «ጠይብ ነው» ብትለው ዱላ ያነሳል። ያው ቃል ነው። አንዱን ለሰሎሞን ሰጠነው፣ ሌላውን ለሸክላ ሠሪዋ።

ግሸን ለመስከረም 21 የወጣ ሰው፣ ወይም ላሊበላ ገናን ያደረ ሰው ሕዝቡን ያስታውስ። ያ ሁሉ ነጭ፣ ያ ሁሉ ጥለት የሸማኔ እጅ ነው። ጥንግ ድርብ ለብሰው የሚያሸበሽቡት መዘምራን የለበሱት ሚስቶቻችንና እናቶቻችን ፈትለው የሰጡትን፣ እሱ ግን ልብስ ያደረገውን ነው። የጠላው ጋን፣ የወጡ ድስት ደግሞ የሸክላ ሠሪዋ ናቸው። ሳር ቤትም ቢሆን አናቱ ላይ ውሃ እንዳይገባ የሚደፋው ጉልላት ሸክላ ነው። ከቤቱ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው እሷ የሠራችው ነው፤ እሷን ግን ከበር ወዲያ። የወሎ እስላም ቤትም ከዚህ አልወጣም። ወዳጃ ሲቀመጥ፣ ዱዓ ሲደረግ፣ ጀበናውና የዕጣን ማጨሻው መሀል ናቸው። ሃይማኖቱ ተለያየ እንጂ ሸክላውም አንድ ነው፣ ለሸክላ ሠሪዋ የተሰጠው ስምም አንድ ነው።

አሁን ነገሩ በሌላ በኩል እየተለወጠ ነው። ካባው ከውጭ በሚመጣ ከፋይ ይሰፋል፣ ወርቀ ዘቦው የማሽን ነው። እንስራን ቢጫ ጀሪካን ተክቶታል፤ ቀሏል፣ አይሰበርም፣ ማንም ሊወቅስ አይችልም፤ ጀርባዋ የጎበጠ ሴት እንስራ ናፈቀኝ አትልም። ይህን ስል ለሴትዮዋም ተናገርኩት። እንስራ ትሠራላችሁ ወይ አልኳቸው።

«ማን ይገዛዋል? ተውነው።»

«ጀበናስ?»

«ጀበናማ ፕላስቲኩ እሳት ላይ ይጣድና እንየው!»

አጠገባቸው ያለችው ሴት ሳቀች። ዋጋውን ተከራከርን። ትንሽ ቀነሱልኝ፤ ብዙም አይደለም። ቡና ሳላፈላበት በደንብ እንዳሟሸው አስጠነቀቁኝ። የቡና አተላ ከውሃ ጋር አፍልተህበት ድፋው፣ ደጋግመህ፣ የአፈሩ ሽታ እስኪለቅ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቡና አፈር አፈር ይልና እኔን ትሰድበኛለህ አሉኝ። ስድብ ያሉትን ቃል ሳይስቁ ነው ያሉት። ከዚያ ያንን ግማሽ ቀይ ግማሽ ጥቁሩን በጭድ ጠቅልለው ሰጡኝ።